የአንደኛ ክፍል መንግሥት

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ምርጫ፣ ስለ ፌዴራል ሥርዓት፣ ስለ መሬትና ስለ ቋንቋ መብት ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ስለ ዴስክ ልጽፍ ነው። ሦስት ልጆች እንዲይዝ ተሠርቶ አምስት ስለሚቀመጡበት፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ ስለተደገፈው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ዴስክ። አንዳንድ አንባቢ «ሰውየው ርዕስ አለቀበት» ሊል እንደሚችል እገምታለሁ። በእኔ እምነት ግን በአገራችን ዜጋና መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የሚገናኙት በምርጫ ጣቢያም ሆነ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት አይደለም፤ በአንደኛ ክፍል ውስጥ ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ከእናቱ ጓዳ ወጥቶ የማያውቀውን ሰው ትእዛዝ የሚቀበለው፣ ተራ መጠበቅን፣ እጅ ማውጣትን፣ ዝም ማለትን፣ አልፎ ተርፎም በባልንጀራው ላይ መመስከርን የሚማረው እዚያ ነው። ስለዚህ ያ ክፍል እንዴት ተደራጀ ብሎ መጠየቅ ለርእሰ መምህራን ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

በጥናትም በሥልጠናም ምክንያት፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ ሁሉ፣ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች እወጣለሁ። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሳይወርድ ዲጋን ያገኛል። ደጋማው ጤፍ፣ ቆላማው በቆሎና ማሽላ የሚያበቅል፣ ዝናብ የማይሰስትበት አገር ነው። በዚያ ወረዳ በአንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን አንደኛ ክፍል ላንሣ፤ ያነሣሁትም ለአድናቆት ነው።

በክፍሉ ሰባ ያህል ልጆች ነበሩ። መምህርቷ ወጣት ናት፤ የምታስተምረው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን ከሂሳብ እስከ ሙዚቃ ሁሉንም የትምህርት ዓይነት ብቻዋን ትይዛለች፤ መምህራን «ሰልፍ ኮንቴይንድ» የሚሉት አሠራር ነው። በእጇ አርጩሜ የለም። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳው አስጠግታ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ጠባብ መንገድ አውጥታለች። «ይህችን መንገድ ለማግኘት ሁለት ዴስክ ከክፍል አስወጣሁ፤ ልጆቹ ተጣበቡ፤ እኔ ግን መጨረሻ ካለው ልጅ ዘንድ መድረስ ቻልኩ» አለችኝ። ሰኞ ሰኞ የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የኋለኛው አንድ ደረጃ ወደ ፊት ይመጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ከሰሌዳ ርቆ የሚቀመጥ ልጅ የለም። (በገዳ አገር ሥልጣን በተራ መሆኑ ሊያስደንቀን አይገባም። የሚያስደንቀው ከዚያ ክፍል ውጭ ተራው የጠፋ መሆኑ ነው።) ጸጥታ ስትፈልግ አትጮህም፤ በምት ታጨበጭባለች፣ ልጆቹ በዚያው ምት ይመልሳሉ፣ ሦስተኛው ጭብጨባ ላይ ሁሉም ዝም ይላል። ለመቁጠሪያ ከየሻይ ቤቱ የተለቀመ የለስላሳ ቆርኪ አላት። ይህን ሁሉ ያስተማራት ማንም እንዳልሆነ ሳውቅ እኔና መሰሎቼ በየሥልጠናው ስንናገር የምንውለው ነገር ትንሽ አሳፈረኝ።

ልንለያይ ስንል «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ። «እናንተ ሁልጊዜ አሳታፊ ዘዴ ትላላችሁ። እኔ የሁሉንም ልጆች ስም ለይቼ ያወቅሁት ገና ካለፈ በኋላ ነው። ስሙን የማላውቀውን ልጅ እንዴት አድርጌ ላሳትፈው?»

ጥያቄዋን በቁጥር እንየው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ቢሆን 2,400 ሰከንድ ነው። ለሰባ ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 34 ሰከንድ ይደርሰዋል። ስም መጥራት ብቻ፣ ለአንድ ልጅ አምስት ሰከንድ ቢፈጅ፣ ስድስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የቤት ሥራ ደብተር ለማረም ለአንድ ልጅ አንዲት ደቂቃ ብንሰጥ ሰባ ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ክፍለ ጊዜ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ መምህሩ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ አያርምም፣ ወይ እየሮጠ በየገጹ «ራይት» ያደርጋል። በሁለተኛው ምርጫ የገባው ልጅና ከጎረቤቱ የገለበጠው ልጅ እኩል ምልክት ያገኛሉ። ሦስት ሰው በሚይዝ ዴስክ አምስት ልጆች ክርን ለክርን ተጣብቀው ሲቀመጡ ደግሞ መገልበጥ ከአለመገልበጥ ይቀላል። ኩረጃን በ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ለመዋጋት ተማሪዎችን በሙሉ በዩኒቨርሲቲዎች ሰብስበን ፈተንን፤ ልጆቹ የተላመዱት ግን በስድስትና በሰባት ዓመታቸው፣ በአቀማመጣቸው ምክንያት ነበር። በዚህ ላይ የወለጋን ዝናብ ጨምሩበት። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። በግንቦትና በሰኔ፣ በመስከረምም ቢሆን፣ ስንት ክፍለ ጊዜ እንዲሁ በዝናብ እንደሚበላ በየትኛውም ሪፖርት ላይ ተጽፎ አላየሁም።

በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ሥርዓት በርካሽ የሚገዛባቸው ሁለት ጥንታዊ መንገዶች አሉን፤ አርጩሜና የስም ዝርዝር።

ስለ አርጩሜው ብዙ ማለት አያስፈልግም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይደነግጋል። ስለ አንቀጽ 39 ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ምሁር ስለ አንቀጽ 36 አንድ ቃል ሲተነፍስ የሰማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ከሕገ መንግሥታችን አንቀጾች በየቀኑ፣ በየመንደሩ፣ በጠራራ ፀሐይ የሚጣሰው ይኸኛው ይመስለኛል፤ የሚጥሰውም ከልቡ ክፉ ያልሆነ፣ ሰባ ልጅ ይዞ ሌላ መላ የጠፋበት መምህር ነው።

የስም ዝርዝሩ ግን ከአርጩሜውም የባሰ ይመስለኛል። መምህሩ ወጣ ሲል የክፍል አለቃው ጠመኔ ያነሣና በሰሌዳው ጥግ «የሚያወሩ» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ ስም ይደረደራል። የደገመ ሰው ከስሙ ጎን የኤክስ ምልክት ይጨመርለታል። መምህሩ ሲመለስ የሚጠይቀው ማን ምን እንደተናገረ አይደለም፤ የኤክሱን ብዛት ነው። በእኛ ጊዜ አለቃው እርሳስ ወይም አንድ ጭብጥ ቆሎ ከተሰጠው ስም ያጠፋ ነበር፤ ጠላቱ ከሆንክ ደግሞ አፍህን ሳትከፍት አራት ኤክስ ይቆጠርብሃል። ይግባኝ የለም። ማስረጃ አይጠየቅም። በዘጠኝ ዓመታችን ያየነው ፍርድ ቤት ይህ ነበር። ከዚያ በኋላ አድገን በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ሲጠቁም፣ ሰው ሲፈርጅ፣ አለቃ ደጅ ሲጠና እያየን «ይህ ባሕል ከየት መጣ?» ብለን ሴሚናር እናዘጋጃለን!

ልጅ ልጅን ይምራ የሚለው ሐሳብ በራሱ ግን ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ነባር ሀብታችን ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያስተምሩት የኔታ ፊደል የሚቆጥረውን፣ ንባብ የጀመረውንና ዳዊት የሚደግመውን በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር የሚይዙት የበላዩ የበታቹን ስለሚያስተምር ነው። እያንዳንዱ ልጅ በራሱ እርምጃ ይሄዳል፤ ፊደል ያልለየ ዳዊት አይሰጠውም። አንድሩ ቤል በሕንድ ማድራስ፣ ጆሴፍ ላንካስተር በለንደን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ተመሳሳዩን ነገር አንድ መምህር በመቶ የሚቆጠሩ ድሆች ልጆችን የሚያስተምርበት ሥርዓት አድርገው ለዓለም ሸጡት። ወለጋም የራሱ ቅርስ አለው። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ያዘጋጁት የኦሮሞኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ አናሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ ተመልሶ ትምህርት ቤት ከፍቷል። ልጅን በሚሰማው ቋንቋ ማስተማር ለነቀምቴና ለአካባቢዋ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጉዳይ ነው። ማለትም ችግራችን የሐሳብ ድህነት አይደለም።

ችግራችን ሐሳብ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የሚደርስበት ነገር ነው። የአንድ ለአምስትን ነገር የማያስታውስ መምህር የለም። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አርሶ አደሩ፣ የቤት እመቤቷ፣ የመንግሥት ሠራተኛውና ተማሪው ሁሉ አንዱ አምስቱን እንዲመራ ተደርጎ ተደራጀ። በትምህርት ቤት የተሰጠው ምክንያት ጎበዙ ተማሪ ደካሞቹን እንዲያግዝ የሚል ነበር። ምክንያቱን ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን ያው መዋቅር በቀበሌው ውስጥ ማን ምን እንደሚያስብ ማወቂያ ጭምር መሆኑን ሁሉም ያውቅ ስለነበር፣ «ሠራዊት» የሚለው ቃል ከትምህርት ጋር ሲጣበቅ መምህሩም ወላጁም ገባው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ያጫወተችኝ ነገር አለ፤ የወረዳው ስም ይቅር። የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ቡድኖች በየሳምንቱ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንዲያቀርቡ ታዘዘ። ልጆቹ ገና ስማቸውን መጻፍ አይችሉም። መምህሩ ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ተቀምጦ የአሥራ አንድ ቡድን ቃለ ጉባኤ በየተራ የተለያየ እስክሪብቶ እየተጠቀመ ይጽፍ ነበር። ፋይሉ ሞዴል ተባለ።

አንድ ለአምስት ለምን እንዳልሠራ ለመረዳት ደቦን ማሰብ ይበቃል። ደቦ የሚጠራው እርሻ ያለው ሰው ነው። ሥራው የታወቀ ነው፤ ማሳው ሲያልቅ ደቦው ይበተናል፤ ነገ ሌላ ሰው ይጠራል፤ ዛሬ የመራው ነገ ይመራል ማለት አይደለም። አንድ ለአምስት ግን ሥራ ሳይኖር የተጠራ ደቦ ነበር። መሪው ዓመቱን ሙሉ መሪ ነው፤ አምስቱ ዓመቱን ሙሉ «ደካማ» ናቸው። ያልገባው ልጅ ምኑ እንዳልገባው የሚለይ ማንም የለም፤ ፊደል ያልለየውም፣ ለይቶ ቃል መመሥረት ያቃተውም፣ አንብቦ ያልገባውም በአንድ ቡድን ውስጥ ናቸው። ጎበዙም ልጅ እኮ ልጅ ነው። ከ2010 ዓ.ም. የፖለቲካ ለውጥ በኋላ የአንድ ለአምስት ስም ከአደባባይ ጠፋ። ቅጹ ሄደ፤ ሰባ ልጅ ግን እዚያው ቀረ። ከእርሱ በፊት «ተማሪ ተኮር»፣ «ተከታታይ ምዘና» ሲባል እንደነበረው ሁሉ፣ ለክፍሉ የደረሰው ቃሉ እንጂ ነገሩ አልነበረም።

ከዚህ ይልቅ የሚጠቅም ማስረጃ ከጎረቤታችን አለ። በምዕራብ ኬንያ አስቴር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓና ማይክል ክሬመር (ሁለቱ በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል) አንድ አንደኛ ክፍል ብቻ የነበራቸውን 121 ትምህርት ቤቶች ወሰዱ። ለእያንዳንዱ አንድ ተጨማሪ መምህር ተቀጥሮ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቹ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን በዕጣ፣ ግማሾቹ ደግሞ በመነሻ ችሎታቸው ለዩ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ በችሎታ በተለዩት ትምህርት ቤቶች ጎበዞቹ ብቻ ሳይሆኑ ወደ ኋላ የቀሩትም የተሻለ ውጤት አገኙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መምህሩ በአንድ ጊዜ ለሦስት ዓይነት ልጅ መናገሩን ትቶ ከፊቱ ላለው ልጅ መናገር ቻለ። አሜሪካኖቹ በቴኔሲ ግዛት ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባደረጉት ሙከራ ከ13 እስከ 17 ልጆች ያሉበት ክፍል ከ22 እስከ 25 ካሉበት እንደሚበልጥ አሳይተዋል። የእነርሱ «ትልቅ» ክፍል በእኛ የትምህርት ልማት ፕሮግራሞች ውስጥ በመለኪያነት ሲጻፍ የኖረውን 50 ግማሽ ያህል ነው፤ ስለዚህ ወደዚያ ንጽጽር አልገባም።

የእኛን ማስረጃ ግን መሸሽ አንችልም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ክሂል ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ በራሳቸው ቋንቋ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀኑን ቁጠሩት። በ2014 ለፈተና የተቀመጠ፣ ክፍል ያልደገመ ልጅ አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም ያ የንባብ ጥናት በተደረገ ማግስት። በመካከል ብዙ ነገር ደርሷል፤ ግጭት፣ ኮሮና፣ የሥርዓት ለውጥ አለ፤ ሁሉንም በአንደኛ ክፍል ላይ ልከምር አልፈልግም። ሆኖም ውጤቱ ሲነገር አገሩ ሁሉ ስለ ፈተናው አወጣጥ፣ ስለ ሚኒስትሩና ስለ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አንድ ወር ሙሉ ሲከራከር፣ ስለ 2003 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

ለመሆኑ ሀብታችንን የት ነው ያፈሰስነው? እኔ አርባ ለሚሆኑ አዋቂዎች፣ በፕሮጀክተር፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ያላብራራሁትን ፈልገው ሊያነቡ ይችላሉ። የዲጋዋ መምህርት ሰባ ሕፃናት ይዛ ቀኑን ሙሉ ትቆማለች፤ እርሷ ያላሳየችውን ፊደል ማንም አያሳያቸውም፤ የብዙዎቹ ወላጆች ማንበብ አይችሉም። ለረጅም ዓመታት በሥርዓታችን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለማስተማር የአንድ ዓመት ሥልጠና ሰርተፍኬት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ግን ዲግሪ ይበቃል ስንል ኖረናል፤ ልጁ ባነሰ ቁጥር መምህሩም ያነሰ ይሁን ማለት ነው። በየትምህርት ቤቱም ያው ልማድ አለ። ነባሩና የተከበረው መምህር ከፍ ወዳለው ክፍል ይወጣል፤ ትናንት የተመደበው አንደኛ ክፍል ይሰጠዋል። ብዙ ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡትም በዚያው በአንደኛ ክፍል መሆኑ ከዚህ ጋር ምን ያህል እንደሚያያዝ ለአንባቢ እተዋለሁ።

«ገንዘብ የለም» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ግማሹም እውነት ነው። የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። ዳሩ ግን ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶች በ2012 መጋቢት ተዘግተው በ2013 ሲከፈቱ፣ በአንድ ክፍል ከ25 የማይበልጡ ልጆች በፈረቃ እንዲማሩ ታዝዞ፣ በየቦታው እንደ አቅሙ ተሞከረ። የትምህርት ሰዓቱ አነሰ፤ ይህ ጉዳት ነው። መምህራን ግን የነገሩኝ ሌላ ነገርም አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የእያንዳንዱን ልጅ ደብተር አየን ብለዋል። ወረርሽኙ ሲያልፍ ወደ ሰባው ተመለስን፤ ያ ግማሽ ዓመት ምን እንዳስተማረን የመዘነ የለም።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ሕዝቡን ለትምህርት ቤት ግንባታ አነሣሥቷል። ግድግዳና ጣሪያ አስፈላጊ ናቸው፤ ኮርኒስም ቢጨመር ዝናቡን እናመሰግናለን። ነገር ግን አዲስ ክፍል ተሠርቶ በሩ ላይ ሪባን ሲቆረጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ክፍል ለስንተኛ ክፍል ነው? መልሱ «ለቤተ ሙከራ»፣ «ለአይሲቲ» ወይም «ለቢሮ» ከሆነ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል እላለሁ። መጀመሪያ የሚከፈለው አንደኛ ክፍል መሆን አለበት። ሰባው ለሁለት ሠላሳ አምስት ይከፈል፤ አንዱን የትምህርት ቤቱ ምርጥ መምህር ይያዝ፤ ለዚያ መምህር ከደመወዙ በላይ አበል ይታሰብለት፤ ከቅጽ መሙላት፣ ከመዋጮ መሰብሰብና ከስብሰባ ነጻ ይሁን። አበሉን ከየት ታመጣለህ ለሚለኝ፣ በዓመት ስንት የአቅም ግንባታ ሥልጠና በየሆቴሉ እንደሚካሄድ ቆጥረን እንነጋገር።

ለወለጋ ግን ከዚህም የሚቀድም አለ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው በቆየው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተቃጠሉ፣ የተዘረፉና የተፈናቃይ መጠለያ የሆኑ አሉ። ትምህርት በተመለሰበት ቦታ የሚመጣው ልጅ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለተኛ ክፍል ሆኖ ሦስት ዓመት ያቋረጠ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ትናንት ከተመዘገበ የሰባት ዓመት ልጅ ጋር በአንድ ዴስክ ይቀመጣል። ትልቁ ያፍራል፤ ካፈረ ይረብሻል፤ ከረበሸ ስሙ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ይቀራል። የት እንደሚሄድ ደግሞ በዚያ አገር የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ይህን ልጅ በዕድሜውም በክፍሉም ብንመድበው አይሆንም፤ የሚያዋጣው በሚያነበው መጠን መመደብ ነው። በምዝገባ ሳምንት እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠርቶ አንድ ፊደል፣ አንድ ቃል፣ አንድ አጭር ምንባብ ማስነበብ ለአንድ ልጅ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ለሰባ ልጅ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የክፍል አጥር ፈርሶ፣ ፊደል ያልለየ ሁሉ በአንድ ክፍል፣ ቃል የሚያነብ በሌላው፣ ምንባብ የሚችል በሦስተኛው ይሰብሰብ። በስድስት ሳምንት አንዴ እንደገና ይፈተሽ፤ ያለፈ ይዛወር። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ፊደሉን ያወቀ ዕለት ከሰባት ዓመቶቹ ይለያል፤ ይህን ደግሞ ራሱ ያውቀዋል። ለዚህ አዲስ ሕንጻም፣ አዲስ መዋቅርም፣ ቃለ ጉባኤም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ርእሰ መምህሩ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ከወረዳ ስብሰባ እንዳይጠራ ነው።